ያለ ተራ የጫንኳቸው በቅሎዎች

መንዝ ጓሳ ላይ ያጠፋሁትን ጥፋት ለረጅም ጊዜ በልቤ «የአሠራር ችግር» ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። በየሪፖርቱ እንደምናነበው ያለ፣ ባለቤት የሌለው ችግር። ባለቤቱ ግን እኔ ነኝ። ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። ሕዝብ ራሱ በሚጠብቀው መሬት ላይ የሕዝቡን ሥርዓት በጎን እያለፍኩ፣ ገንዘቡን ደስ ላለኝ ሰው እየሰጠሁ፣ በራሪ ወረቀቴ ላይ ደግሞ «የማኅበረሰብ ቱሪዝም» እያልኩ እየጻፍኩ ዓመታት ሠርቻለሁ። ቃሉ ያምራል፤ እንግዶቼም ይወዱታል። አንዳንዶቹ ሌላውን ድርጅት ትተው እኔ ጋ የመጡት ለዚያ ቃል ሲሉ ነበር።

ቦታውን ለማያውቅ ላስተዋውቅ። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወጥቶ፣ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ ወደ መሀል ሜዳ የሚያቀና ሰው ጓሳን መንገዱ ላይ ያገኘዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ብርዳም ደጋ ነው። ሣሩ፣ አስታው፣ ጅብራው፣ ውኃ የሚያመነጨው ጨፌው በአንድ ላይ ያሉበት። ስሙን የሰጠው ሣር ለመንዝ ሰው ብዙ ነገር ነው፦ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ በክረምት የሚለብሰው ገሳ ይሠራበታል። ዛሬ ቆርቆሮ የብዙውን ቤት ክዳን ቀይሮታል፤ ያም ሆኖ ሣሩን የሚፈልገው ሰው አልጠፋም።

ይህ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው መንግሥት አጥሮት አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉት አባቶች መሬቱን ከያዙ ወዲህ ዘሮቻቸው በአጽመ ርስት ወግ፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲያስተዳድሩት ኖረዋል። (የዘመኑ አንባቢ ስሙን ከቅርብ ዓመታቱ የፖለቲካ ቄሮ ጋር እንዳያያይዘው፤ ይህ የመንዝ የሣር አስተዳደር ነው።) የተመረጠ አለቃ ነበራቸው። ጓሳው እንደ ሣሩ እድገት ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፤ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በጥበቃው ይሰማራል፤ ሣሩ ሲደርስ አለቃው ቀኑን ያስነግራል። መጀመሪያ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባበታል፤ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ 5፣ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣና እንደገና ይዘጋል። ድሮ ሁሉ ነገር መልካም ነበር ልል አይደለም። ከነዚያ አባቶች ዘሩን መቁጠር ያልቻለ ሰው ድርሻ አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ለእንዲህ ያለው ሰው በር ተከፈተለት፤ ከበሩ ጋር ግን መዝጊያውም ተነቀለ፤ ሣሩን ሁሉም ባገኘው ጊዜ ያጭደው ጀመር። ቆይቶ ሰዉ ራሱ ተሰባስቦ፣ በየቀበሌው ተወካይ መርጦ፣ መዝጋትና መክፈቱን አዲስ መልክ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በደንብ እውቅና ሰጠው።

ይህን ሁሉ ታሪክ በቃሌ አውቀዋለሁ። መኪና ውስጥ ለእንግዶቼ ከጣርማ በር ጀምሬ እተርክላቸዋለሁ፤ ደብረ ሲና ገደል ሥር ጉም ተኝቶ ሲያዩ ዝም ይላሉ፣ እኔ እቀጥላለሁ። የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። እየተረክሁት አፈርሰው ነበር።

እንግዶቼ የሚመጡት ለቀይ ቀበሮ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የሌለ፣ ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩ 500 የማይሞላ አውሬ። ጓሳ ላይ ደግሞ ሌላ አገር የማይታይ ነገር ይታያል፦ ቀበሮው በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሀል ገብቶ ሲሄድ ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገላቸውን እምብዛም አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ እዚያው ጓሳ ላይ የተሠራ ጥናት፣ ቀበሮው ከጭላዳው መሀል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ እንደሚቀናው፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሚሳካለት ለክቷል። ይህን ጥናት ሳላነብ በፊት ነገሩን የነገረኝ አንድ የመንደሩ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ቀበሮውን አትፈልጉት፤ ጭላዳውን ፈልጉ፤ እሱ ራሱ ይመጣል» አለኝ። መጣም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ መሪ አልፈለግሁም።

እዚያ ያለው ደንብ ግልጽ ነው። እንግዳ ሲመጣ መሪውም፣ ባለ በቅሎውም፣ ባለ ፈረሱም በተራ ነው የሚወጣው። ስም በደብተር ይያዛል፤ ዛሬ የእከሌ፣ ቀጥሎ የእከሊት። ለእኔ ይህ ተራ እንቅፋት ነበር። አንዱ ቀን በቅሎዋ የከሳች ትሆናለች፣ አንዱ ቀን መሪው ሽማግሌ ይሆናል፣ አንዱ ቀን «ጉድ ሞርኒንግ» ከማለት የማያልፍ ይደርሰኛል። ወጣቱ ግን የጠነከሩ በቅሎዎች ነበሩት፣ እንግሊዝኛውም ደህና ነበር፣ ቀበሮ ጉድጓድ የትኛው ሸንተረር ሥር እንደተቆፈረ ያውቃል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሳልነሳ ለእሱ እደውል ጀመር። በመጀመሪያው ጊዜ እንዲህ አለኝ፦ «ተራው እኮ የኔ አይደለም ጋሼ፤ ደብተሩ ላይ ሌላ ሰው አለ።»

«እንግዶቹ በስምህ ጠይቀው ነው የመጡት በላቸው» አልኩት።

እንግዶቹ ስሙን ሰምተውት አያውቁም። ውሸቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ደጋግሞ ሲለው ግን በእሱ አፍ የእሱ ውሸት ሆነ። ከተለመደው ክፍያ በላይ እከፍለው ስለነበር ደግሞ ራሴን እንደ ቸር ሰው ነበር የምቆጥረው። ለአንድ ጎበዝ ልጅ መንገድ እየጠረግሁለት መስሎኝ። ከቸርነቴ ጎን ለጎን ድንኳኑን፣ ምግብ አብሳዩን፣ ከሽንኩርት እስከ ውኃ ያለውን ስንቅ ሁሉ ከአዲስ አበባ መጫን ጀመርኩ፤ እዚያ የነበረውን የማኅበረሰቡን ማረፊያ ቤት «ለእንግዶቼ አይመችም» ብዬ ተውኩት። ሒሳቡን ዛሬ ስሠራው መንዝ ላይ የሚቀረው የመግቢያ ክፍያውና የአንድ ሰው የበቅሎ ኪራይ ነበር። ከመንገድ ዳር ባና የሚገዛ እንግዳ ካጋጠመኝም ፊቴን አጠቁርበት ነበር፤ ሰዓት ያባክንብኛል ብዬ።

የሚያሳፍረኝ የተሻለ ነገር አለማወቄ ቢሆን በቀለለኝ። ወሎ ውስጥ መቄት ላይ ገደል አፋፍ የተሠሩትን የገበሬ ማረፊያ ጎጆዎች አይቻለሁ፤ ገቢው ወደ ማኅበሩ ገብቶ እንዴት ለጋራ ጉዳይ እንደሚውል ካስረዱኝ ሰዎች ጋር ምሳ በልቻለሁ። ስሜን ላይም ከደባርቅ የሚነሳ ሰው መሪና ባለ በቅሎ እንዴት በተራ እንደሚመደቡለት አውቃለሁ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ የወጣው በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ ነው። ስለ ግጭ ሰዎች ስንት ቡና ላይ ተከራክሬያለሁ! ለአውሬ ተብሎ ሰው ከቀዬው መነሳት ነበረበት ወይ እያልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ስልኬ ግን በዚያው ሰሞን ለመንዙ ልጅ ደውሎ ሌላውን ባለ ተራ ከመንገድ ሲያስነሳ ነበር።

የቀበሮው ነገር የመጣው በታኅሣሥ ነው። ቀይ ቀበሮ ግልገሎቿን ጉድጓድ ውስጥ የምታሳድግበት ወቅት ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል። ይዤያቸው የሄድኩት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ፤ ከሩቅ በጥሩ መነጽር አሳየናቸው። ከመሀከላቸው አንዱ አልጠገበም። እኔም ብሆን በሚቀጥለው ዓመት እንዲመለሱ ፈልጌያለሁ።

«ጋሼ፣ ከዚህ ባንጠጋ» አለኝ ልጁ በለሆሳስ።

«ትንሽ ነው፤ አሁን እንመለሳለን።»

ቀና ብሎ አየኝና መንገዱን መራ። ትንሽ ያልኩት ትንሽ ሆኖ አልቀረም፤ ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ እስኪቀልጥ ከጉድጓዱ አጠገብ ተጋድመን ነበር። በማግስቱ ስንመለስ እናቲቱ ግልገሏን በአፏ አንጠልጥላ በጠራራ ፀሐይ ሸንተረሩን ስታቋርጥ አየናት። ጉድጓዱን ለቃለች። ንስር በሚያንዣብብበት ሜዳ ላይ፣ በቀን። ፎቶ አንሺው ያን አነሳና «ዕድለኛ ነን» አለ። እኔ አላረምኩትም።

ለምን እምቢ አላለኝም ብዬ ልጁን የወቀስኩበት ጊዜ ነበር። አሁን ነው የገባኝ። ተራውን ጠብቆ የመጣ መሪ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት ይችል ነበር። ብቆጣው ምን ይቀርበታል? እኔ ብሄድ ሌላ እንግዳ ይመጣል፤ ደብተሩ ላይ ስሙ አለ፣ ተራው ይደርሰዋል። ፊታቸውን የሚያየው የጎረቤቶቹን ነው እንጂ የእኔን አይደለም። ያ ልጅ ግን እንጀራው በእኔ ስልክ ላይ ተንጠልጥሏል። ከደብተሩ ያወጣሁት ጊዜ እምቢ የሚልበትንም አፍ ነው የወሰድኩበት። ስለ ጥበቃ ስናወራ ስለ ጠባቂና ስለ ጠመንጃ፣ ስለ አጥርና ስለ ቅጣት እናወራለን፤ እኔ እንዳየሁት ግን ያችን ቀበሮ ሊያድናት ይችል የነበረው ጎረቤቱን የሚያፍር፣ እኔን ግን የማይፈራ አንድ መሪ ነበር።

የማኅበረሰቡ ጠባቂዎች አይተውናል። ልጁ ስብሰባ ተጠራ። ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ቢመጡልኝ ጥሩ ነበር፤ ነገሩን እርስዎ ቢያስረዱ።» ሥራ በዝቶብኛል አልኩት። እውነት ለመናገር ያን ሳምንት ይህ ነው የሚባል ሥራ አልነበረኝም። የፈራሁት ስሜ እንዳይነሳና ሁለተኛ እንዳልገባ እንዳይከለክሉኝ ነው። የቅጣቱን ያህል ብር በስልክ ላክሁለትና ነገሩ የተዘጋ መሰለኝ።

በስብሰባው ላይ ስሜን አልጠራም። «እኔ ነኝ ያቀረብኳቸው» ብሎ ተቀጣ፤ ከመሪነቱም ታገደ። ለምን እንደሸሸገኝ ቆይቶ ከሌላ ሰው ሰማሁ፦ እግዱ ሲያልቅ እደውልለታለሁ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሌላ ጎበዝ ልጅ እያፈላለግሁ ነበር። ልጁ በቅሎዎቹን ሸጦ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገባ።

ወደ ጓሳ ጥፋቴን ይዤ የተመለስኩት ዘግይቼ ነው። ያስመለሰኝም ሕሊናዬ ብቻ አልነበረም፤ አንዲት እንግዳዬ፣ የአገሯን ገበሬዎች ማኅበር የምታውቅ ሴት፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን «ከከፈልኩህ ገንዘብ እዚህ መንደር የሚቀረው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሰጠኋት መልስ ለራሴም ጆሮ አልጣመኝም።

የተራውን ደብተር የሚይዘው የጓሳው ማኅበር ሰዎች ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከመሀከላቸው በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ነበሩ። ይቅርታ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ ያለፍከው የማንን የማንን ተራ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም አባቴ።»

ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም። አንዱ ሽማግሌ ነው፤ ብዙ የሥራ ዘመን የማይቀረው። አንዱ ከኪራይዋ ዕዳዋን እከፍላለሁ ብሎ በቅሎዋን በዱቤ የገዛ ነው። አንዷ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ በቅሎዋን ልጇ ይነዳላት ነበር። እሷን አወቅኋት። መኪናችን በመጣ ቁጥር በቅሎዋን ኮርቻ ጭና፣ ጋቢዋን ተከናንባ መንገድ ዳር ትቆም ነበር። መንገደኛ መስላኝ በመስኮት እጄን አወዛውዝላት ነበር። እንግዶቼም ያወዛውዙላታል። አንዱ ፎቶዋን አንስቶ ልኮልኛል፤ በራሪ ወረቀቴ ላይ አትሜዋለሁ።

ሽማግሌው ቀጠሉ። «እኛ ብሩን አይደለም የምንቆጥርብህ። ጓሳ ሦስት ዓመት ተዘግቶ ሲከርም ሰው በብርድ የሚጠብቀው ለምን ይመስልሃል? የተከፈተ ቀን እኩል እገባለሁ ብሎ ነው። ለኔ አይደርሰኝም ያለ ቀን ማጭዱን ይዞ በሌሊት ይወጣል። የበቅሎውም ነገር እንደዚያው ነው።»

ከኔ በኋላ ሣር ተሰርቆ ከሆነ ያሰረቅሁት እኔ ነኝ ለማለት ማስረጃ የለኝም። ጥፋትን ከልኩ በላይ ማግዘፍም ሌላ ዓይነት ጉራ ነው። የሠራሁት ግን ግልጽ ነው፤ ሰው ለሌሎች ትቶ መጠበቅ ያዋጣል ብሎ በሚያምንበት ቦታ፣ መኪናና ስልክ ላለው ሰው መጠበቅ እንደማያስፈልገው አሳይቻለሁ። ገንዘብ ይዤ ሄጄ ነው ያሳየሁት። የቱሪስት ገንዘብ ለገጠር በረከት ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔም ብያለሁ። የገባበት በር ካልታየ ግን ያው ገንዘብ ለዘመናት በጋራ የኖረን ሰው በአንድ ክረምት ሊያቀያይመው ይችላል።

ሴትየዋን ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ጠላ ቀዳችልኝ። «ምን ይደረጋል ወንድሜ፤ የመኪና ሰው መች ይቆማል» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። ስለ ዝናብ መዘግየት የምትናገር ነው የምትመስለው፤ ያ ነው ከሁሉ የከፋኝ።

አሁን ክፍያው በማኅበሩ በኩል ያልፋል፤ እንግዶቼ እዚያው ማረፊያ ያድራሉ፤ ድንቹም ዕንቁላሉም እዚያው ይገዛል። «የማኅበረሰብ ቱሪዝም» የሚለውን ቃል ከወረቀቴ ላይ ፍቄዋለሁ፤ የሴትየዋንም ፎቶ አውጥቻለሁ። ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ እንዳይባል ይህንንም ልጨምር፦ እንግዶቼ ያማርራሉ፣ እውነታቸውንም ነው። በተራው የሚመጣው መሪ አንዳንዴ ከቀበሮው ይልቅ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ያወራል። አንዳንዴ ቀበሮ ሳናይ እንመለሳለን። ከደንበኞቼ የቀሩ አሉ። ተራ መጠበቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ለረጅም ጊዜ ለሌላ ሰው ሳስከፍል ኖሬ አሁን ትንሽ ትንሽ እየከፈልኩ ነው።

የቀረኝ ልጁ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ተገናኘን፤ ከፈረቃ ወጥቶ ነበር፣ ልብሱ ላይ የጥጥ ብናኝ አለበት። የበቅሎዎቹን ዋጋ ልስጥህ አልኩት። ተቀበለኝ፤ ቆጠረውና ኪሱ ከተተ። «እግዜር ይስጥልኝ» አላለም፤ አይጠበቅበትምም። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ተመልሶ መንደሩ ሲገባ አባቱ ደጅ ቀና ብሎ እንዲቀመጥ፣ ያን ቀን ወደ ጉድጓዱ አስጠጋ ያልኩት እኔ መሆኔን፣ «እንግዶቹ በስሜ ጠየቁ» የሚለውንም ውሸት ያስተማርኩት እኔ መሆኔን፣ በስብሰባ፣ ሰው ባለበት እንድናገርለት። ለሽማግሌዎቹ ስለ ተራው ይቅርታ ብዬ ነበር እንጂ ስለ ጉድጓዱ ያኔም ትንፍሽ አላልኩም። እሺ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ጓሳ ላይ ስብሰባ ተደርጓል። መንዝ ነበርኩ። ከኋላ ቆሜ ስለ ሣሩ መክፈቻ ሲመክሩ ሰማሁ፤ «ሌላ የሚናገር አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ እጄን አላነሳሁም። ይህን በጽሑፍ መናዘዝ ቀሎኛል፤ እሱ የጠየቀኝ ግን ይህንን አይደለም።